ጥልቀት በሌለው ባለ ሙላት ወንዝ ላይ የታንኳ ጉዞን ስለ ማቀድ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ በመጪው የበጋ ወራት አባላት ከነቤተ ሰቦቻቸው በአናኮስቲያ ወንዝ ላይ በታንኳ የሚንሸራሸሩበትን አንድ ቀን ለማዘጋጀት አስቦ፣ ጉዞው እንዴት ሊታቀድ እንደሚገባ በዚህ ጉባኤ ፊት እንዳስረዳ ስለ ጋበዘኝ ከሁሉ አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ርእሱን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ድልድይና ግድብ የሚሠራ ሰው ስለ ሽርሽር ንግግር ምን ያደርግለታል?» እያሉ እንደ ቀለዱብኝ አልሸሽግም። ቀልዱ ደስ ይላል፤ አስተሳሰቡ ግን ልክ አይመስለኝም። ሃምሳ የሚያህል ሰው፣ ከመካከሉም ሕፃናትና ዋና የማይችሉ ሽማግሌዎች የሚገኙበት ጉባኤ፣ ጧት ውሃ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ጭቃ በሚሆን ወንዝ ላይ ሊወጣ ነው። ይህ በሙያችን ቋንቋ የንድፍ ጥያቄ ነው። ሸክሙ፣ አቅሙ፣ በሁለቱ መካከል የሚተወውም የደኅንነት ህዳግ አስቀድሞ መቈጠር አለበት።

አናኮስቲያ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም፤ ወደ ሥራ ስንሄድ በድልድዮቹ ላይ እናልፋለን። ሜሪላንድ ውስጥ ብላደንስበርግ ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ ሁለት ገባሮች፣ የሰሜን ምሥራቅና የሰሜን ምዕራብ ቅርንጫፍ የሚባሉት፣ ከሚገናኙበት ተነሥቶ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ከወረደ በኋላ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ከፖቶማክ ጋር ይቀላቀላል። ከድልድይ ላይ ለሚያየው ሰው ሰፊ፣ ጸጥተኛና ጥልቅ መስሎ ይታያል። ስፋቱና ጸጥታው እውነት ነው። ጥልቀቱ ግን እንደ ሰዓቱ ነው። ከወንዙ መነሻ እስከ መድረሻው፣ ውሃው ጨው ሳይኖረው፣ የባሕር ትንፋሽ ይመጣበታል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ወደ ቼሳፒክ ባሕር ሰላጤ፣ ከሰላጤውም በፖቶማክ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ የሚጓዘው ሙላት ብላደንስበርግ ድረስ ይደርሳል። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ውሃ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። በአገራችን «ወንዙ ሞላ» ሲባል ክረምት ገባ፣ ደጋው ላይ ዘነበ ማለት ነው። ጣናም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል እንጂ የባሕርን መሙላትና መጕደል አያውቅም፤ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው የጣና ሰው ጧት ያሰረበትን ቦታ ማታ ያገኘዋል። ስለዚህ ጨረቃና ፀሐይ በስበታቸው በቀን ሁለት ጊዜ የሚያነሡትንና የሚጥሉትን ውሃ የምንጠራበት የለመደ ቃል የለንም። «ማዕበል» ብለው የሚተረጕሙ አሉ፤ ማዕበል ግን የነፋስ ሥራ ነው። እኔ በዚህ ንግግር የጨረቃውን «ሙላት» እና «ጕድለት»፣ የዝናቡን ደግሞ «ደራሽ» ብዬ እጠራለሁ። ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። ሙላት ከዓመት በፊት በሠንጠረዥ ሊታተም ይችላል፤ ደራሽና ነፋስ ግን በምንም ሠንጠረዥ አይገኙም። በዚህ ወንዝ ላይ የሚደርሰው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሠንጠረዡን አንብቦ ሠንጠረዡ የማይነግረውን ከመርሳት ነው።

ወንዙ ለምን ጥልቀት አጣ? ብላደንስበርግ በ1742 እ.ኤ.አ. ስትቈረቈር የወደብ ከተማ ነበረች፤ ውቅያኖስ የሚያቋርጡ መርከቦች እየመጡ ትንባሆ ይጭኑባት ነበር። ትንባሆው የተተከለው ግን ደኑ ተመንጥሮ ነው። ዛፍ ያጣው ኮረብታ በየዝናቡ አፈሩን ለወንዙ ሰጠ፤ ወንዙም አፈሩን ወደ ወደቡ አመጣ። አሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ሲጋመስ መርከብ ሊገባ ቀርቶ ሊቀርብም አልቻለም። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን፤ አናኮስቲያ ግን ማደሪያ አግኝቶ ያመጣውን ሁሉ እደጁ ላይ ዘረገፈው። ስለ ጐጃምና ስለ ወሎ አፈር መታጠብ የምንጨነቅ ሰዎች ይህን ወንዝ የምናየው በባዕድ ዐይን ሊሆን አይገባም። ከዚያ በኋላ፣ በሃያኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ የአሜሪካ ሠራዊት የመሐንዲሶች ጓድ ወንዙን እየጠረገ ደለሉን ከጐኑ ከመረው፤ ዛሬ ኪንግማን እና ሄሪቴጅ የሚባሉት ሁለት ደሴቶች የተሠሩት ከዚሁ ደለል ነው። እንግዲህ ታንኳችን የሚሄድበት ወለል ተፈጥሮ የሠራችው አለት አይደለም። ሰው የዘረገፈው፣ ሰው የጠረገው፣ ደራሽም በየጊዜው የሚያዘዋውረው ልል ጭቃ ነው። በካርታ ላይ የታተመው ጥልቀት ካርታው በተሠራበት ቀን የነበረው ጥልቀት እንደ ሆነ ብቻ መወሰድ አለበት።

ወደ ስሌቱ ልምጣ። ሁለት ጎልማሶችና ስንቅ የያዘ ታንኳ ከውሃው ወለል በታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰጥማል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃናል» ሊል ይችላል። አይበቃም። የመቅዘፊያው ምላስ ራሱ ግማሽ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው፣ ውሃ እንጂ ጭቃ እንዳይቀዝፍ ከተፈለገ 50 ሴንቲ ሜትር ማሰብ ይገባል። ሌላም ምክንያት አለ። በዩኒቨርሲቲ የክፍት ቦይ ፍሰትን የተማራችሁ ሁሉ እንደምታስታውሱት፣ በዝቅተኛ ውሃ ላይ የአንድ ማዕበል ፍጥነት የጥልቀቱና የስበት ፍጥንጥነት ብዜት ካሬ ሥር ነው። ለ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢሰላ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ይመጣል። የእኛ ታንኳ በሰዓት 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወደዚያ ወሰን ተጠግቷል ማለት ነው፤ ራሱ ያነሣውን ማዕበል አምልጦ መሄድ ይሳነዋል፤ የኋላው ይዘቀዝቃል፤ ቀዛፊው የሚጐትተው ነገር ያለ ይመስለዋል። ልምድ የሌለው ሰው ይህን ሲያይ ፈሳሹ የበረታ መስሎት አብልጦ ይቀዝፋል፤ አብልጦ በቀዘፈ ቍጥርም የባሰ ይከብደዋል። መፍትሔው ቀስ ማለት ወይም ጥልቅ ውሃ መፈለግ ነው። በዚህ ወንዝ ላይ ፈሳሹ ራሱ ደካማ ስለሆነ «እየከበደኝ ነው» የሚል ታንከኛ ቢገኝ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጥልቀቱ ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል አንድ የጭቃ ጀርባ እንውሰድ። በዝቅተኛው ውሃ ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር ብቅ ይላል እንበል። የዕለቱ ልዩነት 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሙላቱ ጫፍ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይኖርበታል። የባሕር ሰዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት የአሥራ ሁለተኛ እጅ ደንብ አለ። ከሙላቱ ጫፍ በኋላ ባለው በመጀመሪያው ሰዓት ከልዩነቱ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ ይጐድላል። በእኛ ምሳሌ ከአንድ ሰዓት በኋላ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 22 ተኩል፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ 45 ይጐድላል ማለት ነው። የሚያስፈልገን 50 ሴንቲ ሜትር፣ ያለን 80 ከሆነ፣ ልናጣ የምንችለው 30 ነው፤ ያም የሚያልቀው ከጫፉ በኋላ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ከጫፉ በፊት ያለውንም እንዲሁ ብንቈጥር በጠቅላላው 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሚያሳልፍ በር ተከፍቶልናል። ብዙ ነው፤ ምሳ በልቶም ይተርፋል።

ነፋሱን ግን ገና አልጨመርንም። የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ጸንቶ በነፈሰ ጊዜ የፖቶማክንና የቼሳፒክን ውሃ ወደ ባሕር ይገፋዋል፤ ወንዛችንም ሠንጠረዡ ከተነበየው በታች ይሆናል። የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በተቃራኒው ያስነሣዋል፤ በመስከረም 2003 እ.ኤ.አ. ኢዛቤል የተባለችው ዐውሎ ነፋስ ባሕሩን ወደ ላይ ገፍታ ዋሽንግተን ላይ ከሁለት ሜትር በላይ እንዳስነሣችው ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። እኛን የሚያሳስበን ግን ያን የመሰለው አይደለም፤ ያን ቀን ማንም ታንኳ አያወጣም። የሚያሳስበን ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሁሉም «ምን ያለ ቀን ነው!» የሚልበት ከዝናብ ማግሥት ያለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ነው። ይህ ነፋስ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢወስድብን ምን ይሆናል? ልናጣ የምንችለው ከ30 ወደ 10 ይወርዳል፤ ያም ከጫፉ በኋላ በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያልቃል። በሩ ከ4 ሰዓት ከ40 ወደ 2 ሰዓት ከ20 ወረደ። ከአንድ ስንዝር ያነሰ ውሃ የቀኑን ግማሽ ወሰደ። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ጥልቀት በሌለው ወንዝ ላይ ጉዞን የሚወስነው ርቀት ሳይሆን ሰዓት ነው፤ ያንንም ሰዓት ማቀድ የሚገባን በጠበበው በር እንጂ በሰፊው አይደለም።

የአሥራ ሁለተኛ እጅ ደንብም ቢሆን ግምት ነው። ሙላቱ በረጅም ወንዝ ሽቅብ ሲወጣ ቅርጹ ይዛባል፤ በእኛ በኩል ቶሎ ሞልቶ ቀስ ብሎ ይጐድላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር መለኪያ የሚገኘው ዋሽንግተን ቻነል ላይ እንጂ እኛ ከምንነሣበት ቦታ አይደለም፤ ከዚያ ወደ ላይ ሲኬድ የሙላቱ ጫፍ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት ሁለት አባላት ወርደው የሜትር ዘንግ ተክለው በየሩብ ሰዓቱ ቢመዘግቡ ከማንኛውም ስሌት የተሻለ ያስተምረናል። ለመሐንዲሶች ማኅበር ይህ ሥራ ሳይሆን መዝናኛ መሆን አለበት። መለኪያው የተተነበየውንና በእርግጥ የተለካውን ውሃ ጐን ለጐን ስለሚያሳይ፣ በጉዞው ጧት ልዩነቱን ማየት ግዴታችን ይሁን። ውሃው ከትንበያው ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ህዳጋችን አልቋል ማለት ነው፤ ጉዞው ይቀራል።

ስለ ሰዓት ካነሣሁ ዘንድ በእኛ ማኅበር ብቻ ሊደርስ የሚችል አንድ አደጋ ልጠቁም። ሠንጠረዡ የሙላቱ ጫፍ 10:30 ነው ይላል እንበል። አንዱ የኮሚቴ አባል በስልክ «አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወንዙ ዳር እንገናኝ» ይላል። ታላላቆቻችን ይህን ሰምተው ጧት ይመጣሉ፤ እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ግን ከሰዓት በኋላ 4:30 ላይ ይመጣሉ። በሌላ ስብሰባ ይህ የሚያስቅ ነገር ነው። በአገራችን ሰዓትና በፈረንጁ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው፤ ከሙላት ጫፍ እስከ ጕድለት ጫፍ ያለውም ጊዜ በአማካይ 6 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ሰዓቱን የተሳሳተ ሰው የሚደርሰው በዝርዝር ታስቦ የተመረጠ ይመስል ውሃው ወደ መጨረሻው ዝቅታ በቀረበበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥሪው በጽሑፍ፣ በሁለቱም አቈጣጠር፣ «ጧት» የሚለው ቃል ተጨምሮበት ይውጣ። ሠንጠረዡም የበጋውን የሰዓት ለውጥ ቈጥሮ ወይም ሳይቈጥር የታተመ መሆኑን አንድ ሰው ያረጋግጥ።

ቀኑን በተመለከተ ኮሚቴዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ልማድ አላቸው፦ መጀመሪያ ቀን ይቈርጣሉ፣ አዳራሽና አውቶቡስ ይይዛሉ፣ ከዚያ በኋላ «ስንት ሰዓት እንነሣ?» ብለው ባለ ሙያ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ግን ቀኑን የምትሰጠን ጨረቃ ናት። የሙላቱ ጫፍ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ስለሚሄድ በሳምንት ውስጥ 5 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይገፋል። በዚህ ቅዳሜ ጧት 10 ሰዓት ላይ የሞላ ወንዝ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ባዶ ሊሆን ተቃርቧል፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ሌላኛው ሙላት ወደ ጧት ሦስት ሰዓታችን ተጠግቶ እንደገና ያመቻል። እንግዲህ በደፈናው ከሁለት ቅዳሜዎች አንዱ ብቻ ለእኛ ይሆናል። እሑድ ጧት ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አልቈጠርሁትም። የጧቱን ሙላት የመረጥሁበት ምክንያት በሐምሌና በነሐሴ የፈረንጅ ወራት ከሰዓት በኋላ መብረቅና ዶፍ ስለሚዘወተር ነው። ነጐድጓድ እንደ ተሰማ ወደ ዳር መውጣት፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አለመመለስ ነው ደንቡ። የኬኒልዎርዝ የሎተስ አበባ የሚደምቀው በሐምሌ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ስለሆነ፣ ይህም ከፍልሰታ ጾም በፊት ስለሚውል፣ ስንቁን ለሚያዘጋጁት እመቤቶቻችንም የሚመች ይመስለኛል።

ስንቅ ሲነሣ ስለ ውሃው ንጽሕና መናገር ግድ ነው። ከዋሽንግተን ከተማ ሲሶ ያህሉ የቤት ፍሳሽና የዝናብ ውሃ በአንድ መስመር የሚሄድበት አሮጌ ሥርዓት አለው። ዝናብ ሲበረታ መስመሩ ሞልቶ ወደ ወንዝ ይገነፍላል። ይህን ለማስቀረት በ2005 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት መሠረት ትልልቅ የመሬት ውስጥ ዋሻዎች እንዲቈፈሩ ተወስኖ፣ የአናኮስቲያ ዋሻ በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 7 ሜትር ስፋት ያለው የሰሜን ምሥራቅ ወሰን ዋሻ ደግሞ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ተጨመረለት። ሥራው በእርግጥ ታላቅ ነው፤ ወደ ወንዙ ይገነፍል የነበረውን በእጅጉ ቀንሶታል። ነገር ግን ዋሻው ከሜሪላንድ በኩል በሁለቱ ገባሮች የሚመጣውን ደራሽ አያቆምም፤ በወለሉ ደለል ውስጥ ለብዙ ዘመን የተቀበረውን የፋብሪካ መርዝም አያነሣም። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ያለውን ቀን መተው፣ ከመነሣታችንም በፊት የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በሁለቱ ገባሮች ላይ ያቆማቸውን መለኪያዎች ማየት ይገባል። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ሕዝቦች ነን። መቅዘፊያ የያዘ እጅ እንጀራ ከመቍረሱ በፊት በንጹሕ ውሃና በሳሙና መታጠብ ስላለበት፣ ማስታጠቢያና በቂ ውሃ ከስንቁ ጋር ይጫን። ከወንዙ የተጠመደ ዓሣም ለምግብ አይታሰብ።

የመረጥሁት መንገድ አጭር ነው። ከብላደንስበርግ ተነሥተን፣ የኒው ዮርክ ጐዳናን ድልድይ አልፈን፣ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ቍልቍል ወርደን በስተ ምሥራቅ ያለውን የኬኒልዎርዝን ረግረግ ለማየት ነው። ይህ ረግረግ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ዋልተር ሾው የተባለ የእርስ በርስ ጦርነት ዘማች ከትውልድ አገሩ ከሜይን ያመጣቸውን የውሃ አበቦች በተከለበት ቦታ አጠገብ ይገኛል። የመሐንዲሶቹ ጓድ ወንዙን ሲጠርግ አትክልቱን ጭምር ሊያጠፋው ተቃርቦ ሳለ፣ ልጁ ሄለን ፋውለር ተከራክራ አዳነችው፤ በ1938 እ.ኤ.አ. መንግሥት ገዝቶ የሕዝብ አደረገው። የሙያ ጓደኞቻችን የተረቱበት ክርክር ቢሆንም ውጤቱ ደስ ያሰኛል። ወደ ረግረጉ የሚያስገባው ቦይ ለታንኳ የሚሆነው በሙላት ጊዜ ብቻ ነው፤ በጕድለት ጊዜ ሽመላ የሚቆምበት ጭቃ ነው። የሎተሱ ኩሬዎች ተከልለው ስላሉ የሚታዩት በእግር ሲሆን፣ ለዚያ ሌላ ቀን እንመለስ።

ከሙላቱ ጫፍ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አስቀድመን ብንነሣና ልጆች ያሉበት ጓድ እንደሚሄደው ቀስ ብለን ብንሄድ፣ ጫፉ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ከቦዩ አፍ እንደርሳለን። በውስጡ አንድ ሰዓት ቈይተን ጫፉ ባለፈ በግማሽ ሰዓት እንወጣለን። በጠበበው በር መሠረት ቦዩ የሚዘጋው ጫፉ ካለፈ በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ስለሆነ 40 ደቂቃ ተጠባባቂ ጊዜ አለን። ይህ 40 ደቂቃ የእኛ የደኅንነት ህዳግ እንጂ ለፎቶግራፍ የተመደበ ጊዜ አለመሆኑን አጥብቄ አሳስባለሁ። መመለሻው በጕድለቱ ላይ ሽቅብ ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል። ከታች ያለውን የወንዙን ክፍል፣ ኪንግማንንና ከዚያ በታች ያለውን፣ ለሌላ ዓመት ትቼዋለሁ፤ ርቀቱ ለሕፃናት ይበዛል፤ ወደ ፖቶማክ መጋጠሚያ ሲቀርብም ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ይበዛሉ።

ታንኳ ጭቃ ላይ ቢቀመጥ ምን ይደረጋል? ከታንኳው መውረድ ክልክል ነው። ጭቃው እግርን ይውጣል፤ ሊያወጣው የሄደውንም ሁለተኛ ሰው ይይዛል። የኋለኛው ቀዛፊ ክብደቱን ወደ ኋላ አድርጎ በመጣበት አቅጣጫ ይገፋል፤ ካልሆነም በቦታው ተቀምጦ ሌላ ታንኳ ገመድ እስኪወረውርለት ይጠብቃል። ውሃው እየጐደለ ሳለ የሚባክን እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው፤ በሙላቱ ጫፍ ላይ ተቀርቅሮ የቀረ ታንኳ የሚያነሣው ውሃ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።

የመጨረሻው ነጥቤ ከሁሉ የከበደኝ ነው። ሕጉ በታንኳው ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሕይወት አድን ሰደርያ እንዲኖር፣ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ለብሰው እንዲቀመጡ ያስገድዳል። እኔ የምጠይቀው ከሕጉ ይበልጣል፤ ሁሉም ሰው፣ ዋና የሚችለውም የማይችለውም፣ ከመሳፈሩ በፊት ለብሶና አሥሮ ይቁም። አብዛኞቻችን ያደግነው በደጋ ነው፤ ወንዝን የምናውቀው ልብስ ስናጥብበትና ከብት ስናጠጣበት፣ በክረምትም ስንፈራው ነው። በመኝታ ሰዓት የተወለወለ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ የተማረው ዋናም ጭቃ ባለበት ወንዝ ብዙ አይረዳም። በሚያዝያ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አየሩ ሞቆ ሳለ ውሃው ከ15 ዲግሪ በታች ሊሆን እንደሚችልም አትዘንጉ፤ በዚያ ቅዝቃዜ ድንገት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው። የፀደዩን ወራት ያልመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ዳሩ ላይ ያለውን ሁኔታ አስቡት። አውቶቡሱ መጥቷል፣ እንጀራው ተጠቅሏል፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ መለኪያው ግን ከትንበያው 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ወይም ደግሞ አንድ የተከበሩ አባታችን ሰደርያው ደረታቸውን ስላጨነቃቸው «ተወው ልጄ፣ እኔ ለዚህ ዕድሜ ደርሻለሁ» ይላሉ። በዚያን ጊዜ «አይሆንም» የሚለው ማነው? እኔ ነኝ እንዳልል፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ታላላቆቼ ናችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ አስተምራችሁኛል። ባህላችን ታናሽ ታላቁን ከሰው ፊት እንዲከለክል አይፈቅድም፤ ባህሉም መልካም ነው። በኮንስትራክሽን ሥራ ቦታ ግን አንድ ወጣት የደኅንነት ተቈጣጣሪ የመሥሪያ ቤቱን ዋና ሥራ አስኪያጅ ያለ ቆብ አላስገባም ቢል ማንም አይቀየመውም፤ ሥልጣኑ አስቀድሞ በጽሑፍ ተሰጥቶታልና። እኛም እንዲሁ እናድርግ። ጉባኤው ዛሬ፣ ማንም ሳይቸኩልና ማንም ሳይቀየም፣ አንድ የጉዞ መሪና አንድ ምክትል ይሹም፤ ጉዞውን የመሰረዝ፣ ከመንገድ የመመለስና አንድን ሰው ከዳር የማስቀረት ሙሉ ሥልጣን እንዳላቸው በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ከዳር ለሚቀሩትም ወንበርና ጥላ፣ ቡናም ጭምር፣ ከመጀመሪያው ይታሰብላቸው። ጉዞው የቀረ እንደሆነ ስንቁን የምንበላበት በአቅራቢያው ያለ መናፈሻ ከወዲሁ ቢያዝ፣ የመሰረዙ ውሳኔ ይቀልላል።

ለኮሚቴው የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። የሐምሌን ቅዳሜዎች ከሠንጠረዡ ላይ አውጥቼ፣ የጧቱ ሙላት የሚያመቻቸውን ሁለቱን አስምሬባቸዋለሁ፤ ከመካከላቸው አንዱን ለጉዞው፣ ሌላውን ለመጠባበቂያ እንዲይዝ እጠይቃለሁ። መሳተፍ የምትፈልጉ አባላት በበሩ አጠገብ ባለው መዝገብ ላይ የቤተ ሰባችሁን ቍጥር፣ የልጆቻችሁን ዕድሜና ክብደት፣ ዋና መቻል አለመቻላችሁንም ጻፉ። የሰደርያው ልክ የሚመረጠው በክብደትና በደረት ስፋት ስለሆነ፣ ክብደታችሁን ስትጽፉ እባካችሁ አትቀንሱ።